የድሮው ኢዚ ስታር ላይ ብረሽለስ ሞተርና ኤለሮን መግጠም፣ ከየቱ ልጀምር?

ፎምፈላጩ፦
ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ። አውሮራ ኮሎራዶ ነው ያለሁት። ጎረቤቴ ቤት ሲለቅ የመልቲፕሌክስ ኩባንያን ኢዚ ስታር፣ በሪሞት የሚበረውን የፎም አውሮፕላን፣ ከነሪሞቱ ሰጠኝ፣ የመጀመሪያውን ሞዴል ማለቴ ነው፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ ሆኖ የሚገፋው፣ ራደር (ጅራቱ ላይ ግራ ቀኝ የሚያዞረው) እና ኤሌቬተር (ወደላይ ወደታች የሚያደርገው) ብቻ እንጂ ኤለሮን (ክንፉ ላይ ሆኖ የሚያጋድለው) የሌለው። ፎሙ አፍንጫው ላይ ተጨማደደ እንጂ ደህና ነው። ችግሩ ሞተሩ ያው የጥንቱ ባለ ብረሽ 400 ነው፣ ባትሪውም ኒኬል ነው፣ ስወረውረው ይንሳፈፋል ግን ውጣ ስለው አይወጣም፣ ጠዋት ብርድ እያለ ትንሽ ይሻላል፣ ከሰዓት ፀሀይ ሲበረታ ጭራሽ ይደክማል። ያሰብኩት ብረሽለስ (ብረሽ የሌለው) ሞተር፣ 4ኤስ ሊፖ (ባለ አራት ሴል ሊቲየም ባትሪ)፣ ኤለሮን፣ ክንፉ ውስጥ የካርቦን ዘንግ፣ ከስር ጎማ፣ ልጄ ደሞ ካሜራ ካልገጠምክለት ብላ ይዛኛለች። ሁሉንም ባንዴ ልስራው ወይስ ቅደም ተከተል አለው? ሙጫስ የትኛው ነው ፎሙን የማይበላው?

አባ ሰርቮ፦
ወንድሜ ቀስ በል። አንተ የምትለውን ሁሉ ከጫንክበት አውሮፕላን ሳይሆን የቤት እቃ የጫነ አይሱዙ ነው የሚሆነው። ጎማውን ተወው፣ ይሄ ነገር በሆዱ ሳር ላይ እንዲያርፍ ነው የተሰራው፣ ጎማ ክብደትና ንፋስ መጎተት ነው ትርፉ። ካሜራውም ይቆይ።
መጀመሪያ ሞተር። 2212 የሚባለው ሳይዝ 2200 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር) በ3ኤስ፣ ፕሮፕ 6 በ4 (ዲያሜትሩ 6 ኢንች፣ ፒቹ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው 4 ኢንች)፣ ኢኤስሲ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) 30 አምፒር፣ በቃ። 4ኤስ ያልከውን እርሳው፣ ቮልቴጁ በሲሶ ሲጨምር ሞተሩ የሚጠይቀው ኃይል ከእጥፍ በላይ ይዘላል፣ ሞተሩም ኢኤስሲውም አይችሉትም። ዋት ሜትር ካለህ ባትሪውና ኢኤስሲው መሀል ሰክተህ ሙሉ ጋዝ ላይ ስንት አምፒር እንደሚስብ እይ፣ ከሌለህ ተዋስ። ፕሮፑን ስታስር ጽሁፍ ያለበት ፊቱ ሁልጊዜ አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው፣ የሚገፋ ስለሆነ ብለህ እንዳትገለብጠው፣ ስንቱ እኮ ገልብጦ አስሮ ሞተሩ ደከመ ይላል። ደሞ በእጅህ አዙረህ የጅራቱን ግንድ እንደማይነካ እይ።
ሙጫ ላልከው ይሄ ፎም ያ ነጩ ፍርፍር የሚለው የቲቪ ካርቶን ውስጥ ያለው አይደለም፣ ኤላፖር ነው፣ ተራው ሱፐር ግሉ አይበላውም። ነጩን ፎም ግን ያቀልጠዋል፣ እንዳታምታታው።

ሽሮሜዳ ከፍታ፦
ከሰዓት ይደክማል ያልከው ሞተሩ ብቻ አይደለም ብሮ፣ አየሩ ነው። እኛ አዲስ አበባ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ 20 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው ሶስት አራተኛ ገደማ ነው የሚከብደው (ባህር ዳርን አላልኩም 😂)። አንተ 1650 ምናምን ላይ ነህ፣ ሞቅ ባለ ቀን አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድልሀል። ስለዚህ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መሄድ አለበት፣ ፕሮፑም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። ጥሩው ነገር አየሩ ስለቀጠነ ሞተሩም የሚስበው አምፒር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ፕሮፑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ኢዚ ስታር ላይ ግን ዲያሜትሩ ቦታ ስለሌለው ፒቹን ነው የምትጨምረው፣ 6 በ4 የነበረውን 6 በ5 አድርገህ ለካው። እና እያንዳንዷ ግራም እዚህ ከፍታ ላይ ዋጋ አላት። ኒኬሉን አውጥተህ ሊፖ ስታስገባ ብቻ እንዴት እንደሚቀለው ታያለህ።
ባትሪውን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀስክ ሚዛኑን አስተካክል፣ ክንፉ ስር በሁለቱም በኩል የተቀረጹት ጉብጉብ ምልክቶች ላይ በሁለት ጣት ስታነሳው ቀጥ ብሎ ወይ አፍንጫው በጥቂቱ ደፋ ብሎ መቆም አለበት። ጅራቱ ከከበደ አትወርውረው።

ኤለሮኗ፦
ከሽቱትጋርት ሰላም። ኤለሮን ሰርቼለታለሁ፣ ይሰራል፣ ግን አንድ ነገር ሳትነግሩት አለፋችሁ። የዚህ ክንፍ ሁለቱ ጎን ወደላይ ቀና ያለ ነው፣ ራሱን በራሱ የሚያቀናውም በዛ ነው፣ ኤለሮን ስትገጥም ያ ቀና ማለቱ ከኤለሮኑ ጋር ይጣላል፣ አንተ አጋድም ስትለው እሱ ልቅና ይላል። ስለዚህ ኤለሮን ከፈለግህ መሀሉ ጋ ሲጋጠም ክንፉን ወደ ጠፍጣፋነት ማስጠጋት አለብህ፣ ያኔ ደሞ የካርቦን ዘንጉ ግድ ይሆናል፣ ከስር በካተር ሰንጥቀህ ዘንጉን ከትተህ ሱፐር ግሉ ማፍሰስ ነው።
አቆራረጡ፦ ከክንፉ የውጭ ግማሽ ላይ ወርዱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲም አስምር፣ አዲስ ምላጭ አድርግ፣ ያረጀ ምላጭ ፎሙን ይቀዳዋል እንጂ አይቆርጠውም። ከስር በኩል ሰያፍ አድርገህ የቪ ቅርጽ አውጣለት፣ ላይኛዋን ስስ ቆዳ ግን አትንካት፣ ወዲያ ወዲህ እያጠፍክ ስታላላት እሷው ማጠፊያ ትሆናለች፣ ካላመንካት ከላይ ስኮች ደርብባት። ባለ 9 ግራም ሰርቮ (ኤለሮኑን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) በየክንፉ አንድ፣ ፊት ለፊት የተያዩ መስታወት አድርገህ ከገጠምካቸው በአንድ ዋይ ገመድ (ለሁለት በሚከፈለው) አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ሪሲቨርህ (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው) ትርፍ ቻናል ካለው ግን ለየብቻ ስካቸው፣ ምክንያቱም ወደላይ የሚሄደው ወደታች ከሚሄደው እጥፍ ያህል እንዲሄድ ሪሞቱ ላይ ማስተካከል ትችላለህ፣ ያለዚያ ወደ ግራ ስታጋድለው አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄድብሀል።

አባ ሰርቮ፦
እህቴ የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው ግን ለዚህ ሰው አልመክርም። ቀና ያለውን ክንፍ ካስተኛህበት እጅህን ስትለቅ ራሱን የሚያቀናው አውሮፕላን ጠፋ ማለት ነው፣ ለልጅቷም ማስተማሪያ አይሆንም። በዚያ ፋንታ ራደሩን አስፋው፣ ከኋላ ጫፉ ላይ 2 ሳንቲም ያህል ቀጭን ፎም ወይ ባልሳ (ቀላሉን እንጨት) ለጥፍ፣ መዞሩ ሌላ አውሮፕላን ያስመስለዋል። ግልብጥ ምናምን ካማረህ ሁለተኛው ኢዚ ስታር ኤለሮን እንዲገጠምለት ታስቦ ነው የተሰራው፣ እሱን ፈልግ።

ኤለሮኗ፦
እሱም ያስኬዳል። እኔ ግን መቁረጡ ራሱ ነው የሚጥመኝ 🙂

ፎምፈላጩ፦
እሺ፣ ሞተርና ሊፖ መጀመሪያ፣ ከዛ ራደር፣ ኤለሮን ክረምት ሲገባ ቤት ስቀመጥ። የተጨማደደው አፍንጫስ?

ሽሮሜዳ ከፍታ፦
የፈላ ውሀ ቀስ እያልክ አፍስስበት፣ ተጨፍልቆ የነበረው ፎም ዓይንህ እያየ ይነፋል። ሞተርና ሪሲቨሩን አውጥተህ ታዲያ። እኔ ጀበናውን ስጠቀም እናቴ ልትገድለኝ ነበር።

አባ ሰርቮ፦
ሳልረሳው፣ ከ250 ግራም በላይ ስለሆነ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መስሪያ ቤት) ጋ አስመዝግበው፣ 5 ዶላር ነው፣ ትረስት የሚሉት ፈተና ደሞ ነጻ ነው። የሪሞት አይዲ (አውሮፕላኑ ማንነቱን በሬዲዮ የሚያሰራጭበት) ነገርም አለ፣ አንብበው። አውሮራ ውስጥ በክሊ የጦር አየር ማረፊያ ስላለ ሰፈር መናፈሻ ውስጥ ዝም ብለህ እንዳትወረውር፣ ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳ አለ፣ ደንባቸውን ጠይቅና እዛ ሂድ። ካሜራ ስትገጥም ካሜራው የሚያየውን በሚያሳይ መነጽር የምታበር ከሆነ አጠገብህ ቆሞ በዓይኑ የሚከታተል ሰው የግድ ነው።

ሽሮሜዳ ከፍታ፦
እኔም ልጠይቅ እንጂ። አጎቴ ከዲሲ ሊመጣ ነው፣ 3ኤስ 2200 ሊፖ ይዞልኝ ቢመጣ አውሮፕላን ላይ ችግር አለው? ሻንጣ ውስጥ ይክተተው?

ኤለሮኗ፦
ሻንጣ ውስጥ በፍጹም፣ በእጁ በሚይዘው ቦርሳ ነው። 3ኤስ 2200 ወደ 24 ዋት ሰዓት ነው፣ ገደቡ 100 ስለሆነ ያልፋል። ሶኬቱን በፕላስተር ይሸፍነው፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጎም አይምጣ፣ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ ያድርገው። ሞተሩንም አብሮ ይዞልህ ይምጣ እንጂ ባትሪ ብቻ ምን ያደርግልሀል።