ቀርጤስ፦ የሰማርያን ሸለቆ ስንወርድ መኪናውን የት እናቁም?

ሰላም ለሁላችሁ። የግሪኳን ደሴት ቀርጤስን የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፤ ዕቅዱ አንድ ቦታ ላይ ተቆልፎብኛል። በመስከረም ሃንያ ከተማ አርፈን የሰማርያን ሸለቆ በእግር ልንወርድ ነው። መኪና ተከራይተናል፤ ችግሩም እሱው ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ኦማሎስ አጠገብ፣ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ አጊያ ሩሜሊ፣ ባሕሩ ዳር ያልቃል። እዚያ የመኪና መንገድ የለም፤ መውጫው ጀልባ ነው። መኪናውን ላይ ካቆምን ጀልባው ሱያ ወይም ሖራ ስፋኪዮን የተባሉት የባሕር ዳር መንደሮች ያወርደንና መኪናው ተራራው ላይ ይቀራል።

አንዱ መላ መኪናውን ሃንያ ትቶ በማለዳ አውቶቡስ መውጣት፣ ማታም ከጀልባው ወርዶ በአውቶቡስ መመለስ ነው። ሌላው ሱያ አድሮ መኪናውን እዚያው አቁሞ ጠዋት በታክሲ ኦማሎስ መውጣት። እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጀልባው ቀጥታ መኪናው ጋ ይመልሰናል፣ አውቶቡስ አመለጠን ብሎ መሮጥም የለም። ግን ንፋስ ሲበረታ ጀልባው ይቀራል። ያኔ አጊያ ሩሜሊ ቀድሞ ያልተያዘ ማደሪያ ይገኛል?

እናቴም አለች፤ ጉልበቷን ቁልቁለት ያማታል። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ደግሞ በጣም ቁልቁል ናቸው። እሷ ጠዋት ከሱያ በጀልባ አጊያ ሩሜሊ ሄዳ፣ ከታች ወደ ላይ እስከ «ብረት በሮቹ» ጠባብ መተላለፊያ ድረስ ብትራመድስ? ድንጋዩ ለምርኩዝ ይመቻል? የሄዳችሁበት ካላችሁ ሰዓቱን ጭምር ንገሩኝ።