የሕጻናት የደረት ራጅ ጥናት፦ "ትክክለኛነት" ልለካ ወይስ የአንባቢዎችን ስምምነት?

ሄለን_ሬዚደንት

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዓመት የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ነኝ። ለማሟያ ጥናቴ ያሰብኩት ርዕስ "ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት የሳንባ ምችን ለመለየት የደረት ራጅ ያለው ትክክለኛነት" የሚል ነው። ራጆቹ ለሕክምና ተብለው ቀድመው የተነሱ ናቸው። ከፊሎቹ በዳይኮም (የሕክምና ምስሎች ዲጂታል ፋይል) ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ግን ፊልሙ ላምፕ (የራጅ ማያ መብራት) ላይ ተሰቅሎ በስልክ የተነሱና በቴሌግራም የተላኩ ናቸው። ሁለት ሬዚደንቶች ያነባሉ፣ ያልተስማሙበትን ደግሞ ሲኒየር ያያል።

60 ራጅ ይበቃል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ይበቃል? አንባቢዎቹን አስቀድሜ ላሰልጥን ወይስ በተለመደው አነባበባቸው ይቀጥሉ? ካፓ (በዕድል ከሚገኘው በላይ ያለውን የአንባቢዎች ስምምነት የሚለካው ቁጥር) ስንት ሲሆን ነው ጥሩ የሚባለው?

የልጆች_ራጅ

ዶ/ር ሄለን፣ ፕሮፖዛሉ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይገባ ርዕሱን ቀይሪው። ትክክለኛነት ለመለካት ከራጁ ውጪ ቆሞ እውነቱን የሚነግርሽ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። ለሕጻናት የሳንባ ምች ያ የለሽም። የደም ካልቸር (ከደም ጀርም የማብቀል ምርመራ) በአብዛኛው ምንም አያበቅልም፤ ሳልና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ብሮንኪዮላይተስም (የትናንሽ አየር ቧንቧዎች መቆጣት) አስምም ላይ አለ። ካርዱ ላይ ያለው ዲያግኖሲስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራጁ ታይቶ የተጻፈ ስለሆነ፣ በእሱ ብትመዝኚ ራጁን በራሱ እየመዘንሽ ነው። በእጅሽ ባለው ነገር በደንብ የሚሠራው ጥያቄ "አንባቢዎች ምን ያህል ይስማማሉ፣ ስልጠናስ ስምምነቱን ያሻሽላል ወይ" የሚለው ነው። ለሬዚደንቶች ትምህርትም በቀጥታ ይጠቅማል።

መለኪያ አትፍጠሪ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለክትባት ጥናቶች ያወጣው የአነባበብ ደንብ አለ፤ የኒሞኮካል (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ክትባት ሙከራዎች በየአገሩ የሚነበቡትን ራጆች ለማወዳደር ሲቸገሩ የመጣ ነው። መጀመሪያ የምስሉ ጥራት ይፈረጃል፦ በቂ፣ ጎደሎ፣ የማይነበብ። የማይነበበው እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ ኮንሶሊዴሽን አለ ወይስ የለም ይባላል፤ የሎብን (የአንድ ሳንባ ክፍል) ከፊል ወይም ሙሉ ሎብን ወይም ሙሉ ሳንባን የያዘ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጥላ ማለት ነው፣ ኤር ብሮንኮግራም (በነጩ ጥላ ውስጥ ጠቁሮ የሚታይ የአየር ቧንቧ) ኖረውም አልኖረውም። ኤፊዩዥን (በፕሉራ፣ ማለትም በሳንባ ሽፋኖች መካከል የተጠራቀመ ፈሳሽ) የሚቆጠረው በጎን በኩል ያለው የፕሉራ ክፍተት ውስጥ ሲሆንና ከሳንባው ጥላ ጋር አብሮ ሲታይ፣ ወይም ፈሳሹ ጥላውን እስኪሸፍን ሲበዛ ነው። ፊሸር (የሎቦች መለያያ) ላይ ብቻ ያለ ስስ መስመር አይበቃም። በሁለቱም ሳንባ የተበተነ መረብ መሰል ጥላ፣ የብሮንካይ (የአየር ቧንቧዎች) ግድግዳ መወፈርና ትናንሽ አቴሌክታሲስ (አየር ያጣ የሳንባ ክፍል) "ሌላ ኢንፊልትሬት" (ኮንሶሊዴሽን ያልሆነ ጥላ) ውስጥ ይገባሉ። አንባቢዎች በብዛት የሚለያዩት እዚህ የመጨረሻው ላይ ስለሆነ ለየብቻ አስይው።

ስልጠናውን አትዝለይው። ከጥናቱ ውጪ የሆኑ 30 ያህል ራጆች አዘጋጂ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ያንብብ፣ ከዚያ የተለያያችሁባቸውን ብቻ አንድ ላይ ተመልከቱ። የተስማማችሁበትን ውሳኔ በአንድ ገጽ ጻፉት። ዋናው ንባብ ከተጀመረ በኋላ ያ ገጽ አይነካም።

የስልጠናው ስብስብ ውስጥ እነዚህ መኖራቸውን አረጋግጪ፦ ታይመስ (በሕጻናት ደረት ላይ ትልቅ ሆኖ የሚታይ ጤናማ ዕጢ፤ ጠርዙ የጎድን አጥንቶቹን ተከትሎ ይወዛወዛል፣ የሳንባው ደም ስሮች በውስጡ ይታያሉ፣ ትራኪያን፣ ማለትም ዋናውን የአየር ቧንቧ፣ አይገፋም)፣ አየር ወደ ውስጥ ተስቦ ሳይሆን ወጥቶ የተነሳ ራጅ (ልብ ትልቅ ይመስላል፣ ትራኪያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ የሳንባው የታችኛው ክፍል ይነጣል)፣ ከልብ ጀርባ የተደበቀ የግራ ታችኛ ሎብ ኮንሶሊዴሽን፣ የቀኝ ልብን ጠርዝ የሚያጠፋ የመካከለኛው ሎብ ጥላ፣ እና ክብ ኒሞንያ (ክብ ጥላ ሆኖ የሚታይ የሳንባ ምች)። ክቡ ከ8 ዓመት በታች የሚበዛው የአልቪዮላይ (የሳንባ አየር ከረጢቶች) መገናኛ ቀዳዳዎች ገና ስላልበሰሉ ኢንፌክሽኑ እንደልቡ ስለማይሰራጭ ነው፤ ካንሰር ነው ብሎ ሲቲ የሚጽፍ እንዳይኖር።

ካሴትና_ቱቦ

ዶክተር፣ እኔ ራዲዮግራፈር ነኝ፤ የቴሌግራሞቹን ያውጧቸው። ቴሌግራም ምስሉን ይጨምቀዋል፣ የላምፑ ብርሃን መሐሉን ያነጣዋል፣ የክፍሉ መስኮትም ፊልሙ ላይ ይንጸባረቃል። በዚያ ላይ አንባቢው ዊንዶው (የምስሉን ብርሃንና ንጽጽር) መቀየር አይችልም። ሁለቱን ዓይነት ካደባለቁ የሚለኩት የአንባቢዎችን ልዩነት ይሁን የስልኩን አይለይም። ፊልሞቹ ካሉ በሚገባው ስካነር ይነበቡ፤ ከሌሉ በዳይኮሙ ብቻ ይሥሩ።

በእኛ አገር ሕጻናት ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ሹሩባው ትከሻ ላይ ከወደቀ የሳንባው ጫፍ ላይ ቀጥ ያለ ሸንተረር ያለው ጥላ ይሠራል፤ ላይኛው ሎብ ላይ ኢንፊልትሬት ተብሎ ይነበባል። መለያው ጥላው ከሳንባው ወሰን አልፎ አንገት ላይ መቀጠሉ ነው። ክታብና የማተብ ጌጥም እንዲሁ። የትናንሾቹ የቆዳ እጥፋት ደግሞ ኒሞቶራክስ (ከሳንባ ውጪ ደረት ውስጥ የገባ አየር) ይመስላል፤ መስመሩ ከደረት ውጪ ከቀጠለ ቆዳ ነው። በአንድ ወገን ዞሮ የተነሳ ሕጻን አንዱ ሳንባ ነጥቶ ይወጣል፤ የግራና የቀኝ የጎድን አጥንቶች የፊት ጫፍ ከአከርካሪው እኩል መራቃቸውን አይተው "ጎደሎ" ወይም "በቂ" ይበሉ።

የጨረር መጠንን በተመለከተ፣ ለጥናት ተብሎ አንድም ሕጻን እንደገና አይነሳ። ግን ኤክስፖዠር ኢንዴክሱ (ምስል ተቀባዩ ላይ የደረሰውን ጨረር የሚያሳይ ቁጥር) ዳይኮሙ ላይ ካለ ይመዝግቡት፣ አይጎዳዎትም። ዲጂታል ላይ ጨረር ሲበዛ ምስሉ ያምራል እንጂ አይጠቁርም፤ ስለዚህ ማንም ሳያስተውል መጠኑ ቀስ እያለ ይጨምራል። ዲቪዬሽን ኢንዴክስ (ከታሰበው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር) +3 ማለት ከታሰበው እጥፍ ያህል፣ −3 ማለት ግማሽ ያህል ነው። ለትናንሽ ልጆች ግሪድ (የተበተነ ጨረርን የሚያስቀር ማጣሪያ) አያስፈልግም፤ ግሪዱ ሳይወጣ ከቀረ ለተመሳሳይ ምስል ብዙ እጥፍ ጨረር ይሄዳል።

ስም ስታጠፉ ደግሞ ሄደሩን (ከምስሉ ጋር የተያያዘውን የመረጃ ክፍል) ብቻ አትመኑ። አንዳንድ ማሽን ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ምስሉ ራሱ ላይ ያትመዋል፤ እሱ በእጅ ይሸፈን። የፋይሉ ስምም የካርድ ቁጥር እንዳይሆን።

ቁጥርና_ጤና

ካፓ ላይ ልምጣ። በምሳሌ ብናየው ይቀላል። 200 ራጅ ይነበብ እንበል፦ 20ው ላይ ሁለቱም "አለ"፣ 156ቱ ላይ ሁለቱም "የለም"፣ 10ሩን አንባቢ ሀ ብቻ፣ 14ቱን አንባቢ ለ ብቻ "አለ" ይበሉ። የተስማሙት 176 ነው፣ 0.88። በዕድል ብቻ የሚገኘው ስምምነት 0.15 × 0.17 + 0.85 × 0.83 = 0.731። ካፓ (0.88 − 0.731) ÷ (1 − 0.731)፣ ማለትም 0.55 ይሆናል።

88 ከመቶ እየተስማሙ 0.55 መውጣቱ ስህተት አይደለም። ኮንሶሊዴሽን ያለባቸው ጥቂት ስለሆኑ "የለም" ማለት ብቻውን ብዙ ስምምነት ያስገኛል። ስለዚህ ካፓን ብቻውን አትጻፊ። "አለ" ላይ ያለውን ስምምነት ለብቻ አስይ፦ 2×20 ÷ (40 + 24) = 0.63። "የለም" ላይ 312 ÷ 336 = 0.93። እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ችግሩ የት እንዳለ በግልጽ ይታያል።

60 ራጅ ለምን እንደማይበቃም በዚሁ ምሳሌ ይታያል። በ200 ራጅ የካፓው 95% ወሰን (እውነተኛው ካፓ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) በግምት ከ0.39 እስከ 0.72 ነው። ተመሳሳዩ መጠን በ60 ራጅ ቢሆን ከ0.25 እስከ 0.86 ይሰፋል፤ ከደካማ እስከ እጅግ ጥሩ ማለት ነው፣ ምንም አልተናገረም። "ከ0.6 በላይ ጥሩ" የሚለው የእ.ኤ.አ. 1977ቱ ደረጃም የልማድ ነው፤ ከ95% ወሰኑ በፊት መታየት የለበትም።

ራጆቹን መርጠሽ አታምጪ፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተነሱትን በተከታታይ ውሰጂ። ቆንጆ ቆንጆውን ከመረጥሽ ስምምነቱ ያላግባብ ከፍ ይላል። ከመቶ 15 ያህሉን ከ4 ሳምንት በኋላ ተራቸውን አቀላቅለሽ ለዚያው አንባቢ መልሰሽ ስጪ፤ ከራሱ ጋር የማይስማማ አንባቢ ከሌላው ጋር እንዲስማማ አይጠበቅም።

ሄለን_ሬዚደንት

በጣም አመሰግናለሁ። ርዕሱን ወደ ስምምነት ቀይሬዋለሁ፣ የስልክ ፎቶዎቹንም አውጥቻለሁ። አንድ ቀረኝ፦ ሲኒየሩ ያልተስማሙባቸውን ብቻ ይይ? ለአንባቢዎቹስ የሕመሙን ታሪክ ልስጣቸው?

የልጆች_ራጅ

ታሪክ አትስጪ፤ ዕድሜ በወር ብቻ ይበቃል። "ትኩሳትና ሳል" የሚለውን ያነበበ ሰው ኮንሶሊዴሽን ያያል።

ለሲኒየሩ ያልተስማሙባቸውን ብቻ ካቀረብሽለት ሁሉም አከራካሪ መሆናቸውን ያውቃል፣ አነባበቡም ያዘነብላል። ከተስማሙባቸውም ጥቂቶች ቀላቅይና የሁለቱን መልስ ሳያይ ያንብብ። ካፓ ግን የሚሰላው ሲኒየሩ ከመዳኘቱ በፊት በነበረው የሁለቱ ንባብ ነው። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ፋይል ይሙላ፤ ንባቡ ባለቀበት ቀን ፋይሎቹን ቆልፈሽ ለአማካሪሽ ላኪ። ባዶ ሕዋስና "0" አንድ እንዳይሆኑም ለማይነበበው ምስል የራሱን ኮድ ስጪው፣ 9 ለምሳሌ።