ዳይሬክት ዴቢቱ ዘለለብኝ፤ ኩባንያ ልቀይር ወይስ ባንክ ደውዬ ላስቆመው?

የሉዊሻሟ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት። የመብራትና የጋዝ ኩባንያችን በዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም ራሱ ከባንክ ሂሳቤ እየቆረጠ፣ በወር 128 ፓውንድ ነበር የሚወስደው። አሁን ከሚመጣው ወር ጀምሮ 187 እንደሚሆን በኢሜይል አሳወቀኝ። ምክንያት የለውም። «አጠቃቀምዎን ገምግመን» ነው የሚለው፣ በቃ። የሚገርመው አካውንቱ ላይ 240 ፓውንድ ትርፍ አለኝ። ገንዘቤ እነሱ ጋ ተቀምጦ እያለ ለምንድን ነው የሚጨምሩት?

ባለቤቴ «ባንክ ደውይና ዳይሬክት ዴቢቱን አጥፊው፤ ከዚያ ሌላ ኩባንያ እንገባለን» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ «እንዳታደርጊው፣ ክሬዲትሽ ይበላሻል» አለችኝ። ቤቱ ኪራይ ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ። ላንድሎርዱ ስንገባ «ኩባንያውን እንዳትቀይሩ» ብሎናል፤ ውሉ ላይም የሆነ ነገር ተጽፏል። ሌላው ጣጣ ደግሞ ቀኑ ነው። እነሱ የሚወስዱት ወር በገባ በ1 ነው። ለእናቴ የምልከውም ያኔ ነው። 187 ከወጣ የእናቴ ይጎድላል፣ የእናቴን ካስቀደምኩ ዴቢቱ ገንዘብ የለም ተብሎ ይመለሳል። የምታውቁ ንገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ ከፔካም፦
እህቴ፣ ረጋ በይ። ዳይሬክት ዴቢቱን ለጊዜው እንዳትነኪው።

መቀየርና ማስቆም ለየቅል ናቸው። መቀየር ከፈለግሽ ለአዲሱ ኩባንያ ብቻ ነው የምትነግሪው። ከድሮው ጋር የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። አምስት የሥራ ቀን ቢፈጅ ነው። መብራቱ ለደቂቃም አይጠፋም፤ ያው ሽቦ፣ ያው ቱቦ፣ ያው ቆጣሪ ነው። የሚለወጠው ቢል ላኪው ነው። ሐሳብሽን ከቀየርሽ 14 ቀን አለሽ። የድሮው ኩባንያ በስድስት ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ ቢል መላክ አለበት፤ ትርፍ ካለሽ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባሉት 10 የሥራ ቀናት ይመልሳል። ካዘገየ ካሳ አለው። ስለዚህ 240ው የትም አይሄድም። ይሄ ሁሉ ሲያልቅ፣ ያኔ ባንክሽ አፕ ላይ ገብተሽ ዴቢቱን አጥፊው። ከመቀየርሽ በፊት ግን አሁን ያለሽው ፊክስድ ታሪፍ (ዋጋው ለተወሰነ ጊዜ የማይለወጥ ውል) ላይ መሆን አለመሆንሽን እዪ። ፊክስድ ከሆነ መውጫ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። የመጨረሻዎቹ 49 ቀናት ላይ ከደረስሽ ግን ያንን ማስከፈል አይችሉም።

አሁን ወደ 187ቱ። እነሱ የዓመቱን ፍጆታ ገምተው ለ12 ያካፍላሉ። በሙቀቱ ወራት ትንሽ ስለምትጠቀሚ ይጠራቀማል፤ ብርዱ ሲገባ ይበላል። በኦክቶበር 240 ትርፍ መኖሩ ደንበኛ ነገር ነው። ዋናው ግምቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ቢልሽን አውጪና ንባቡን ተመልከቺ። አጠገቡ «ግምት» የሚል ካለ ቆጣሪሽን ማንም አላየውም ማለት ነው። ዛሬውኑ ፎቶ አንስተሽ ቁጥሩን ላኪ። የመብራትና የጋዝ ተቆጣጣሪው የኦፍጌም ደንብ ወርሃዊውን ክፍያ እጃቸው ላይ ባለው አዲስና ትክክለኛ መረጃ እንዲያሰሉት ያስገድዳል። እንዴት እዚያ ቁጥር ላይ እንደደረሱም ማስረዳት አለባቸው። «በጽሑፍ አስረዱኝ» በያቸው። አቤቱታ አስገብተሽ ስምንት ሳምንት ካለፈው ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን፣ የደንበኞችን አቤቱታ ወደሚዳኘው ገለልተኛ አካል፣ ትሄጃለሽ፤ ነፃ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር 2025 በነበረው የኦፍጌም የዋጋ ጣሪያ በዓመት 2,700 ኪሎዋት ሰዓት መብራትና 11,500 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ የሚጠቀም ቤት 1,755 ፓውንድ ይከፍል ነበር። በወር ወደ 146 ነበር። ጣሪያ ሲባል ደግሞ ሰው ይሳሳታል። የተገደበው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋና የቀኑ ስታንዲንግ ቻርጅ (ባትጠቀሚም የሚከፈለው ቋሚ ክፍያ) ነው እንጂ ቢሉ አይደለም። ብዙ ካነደድሽ ብዙ ትከፍያለሽ።

ቶተንሃም 17፦
ጋሼ ያሉትን አትለፊው። የአክስቴ ልጅ ልክ ባልሽ እንዳለው ነው ያደረገው። ዴቢቱን አጠፋና «ወጣሁ» ብሎ ተቀመጠ። የትም አልወጣም። ሂሳቡ እየሮጠ ነበር፤ ያውም ዳይሬክት ዴቢት ሲቀር ታሪፉ ይወደዳል። በኋላ ዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ ጻፈለት። ያን ጊዜ ደንግጦ ሊቀይር ሲል ከለከሉት፤ ከ28 ቀን በላይ ያለፈ ዕዳ ካለ የድሮው ኩባንያ ዝውውሩን ማገድ ይችላል።

ሌላ፣ ባጅ አንጠልጥለው በር የሚያንኳኩትን ተጠንቀቂ። «ቢልሽን አሳዪኝ፣ ላስቀንስልሽ» ይላሉ። ቢሉ ላይ የቆጣሪሽ መለያ ቁጥር አለ። ሳትስማሚ ያዛውሩሻል።

ደግሞ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ) ካላችሁ ዋርም ሆም ዲስካውንት የሚባል የ150 ፓውንድ የቢል ቅናሽ አለ። ለ2025–26 የታየው ኦገስት 24 ቀን 2025 ሂሳቡ በማን ስም ነበር የሚለው ነው። ባንቺ ወይ በባልሽ ስም ከነበረ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገባል።

ከማይን ወንዝ፦
የእንግሊዝ ሰዎች ስትገርሙኝ! እኔ ፍራንክፈርት ነኝ። እኛ ጋ ይሄ ሁሉ ውጣ ውረድ የለም። በየወሩ አብሽላግ፣ ማለትም በግምት የተቆረጠ ቅድመ ክፍያ፣ ትከፍላለህ። በዓመት አንዴ ሂሳቡ ይዘጋል። ከተረፈህ ይመለስልሃል፣ ከጎደለህ ትጨምራለህ። ዋጋ ከጨመሩብህ ቀን ሳትጠብቅ ውሉን ማፍረስ መብትህ ነው። ከጁን 2025 ወዲህ ደግሞ የመብራቱ ዝውውር ሥራ በአንድ የሥራ ቀን ያልቃል። የሚያምረው ግን የባንኩ ነው። ከአካውንትህ የተወሰደውን በስምንት ሳምንት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ታስመልሳለህ። አንድ ክሊክ ነው። የሉዊሻሟ፣ አንቺም ሲወስዱብሽ መልሱልኝ በያቸው። ምን አስጨነቀሽ?

ጋሼ ከፔካም፦
ወንድሜ፣ ሰው ገደል አትክተት። የጀርመኑን ለጀርመን ተውልን። እዚህ የዳይሬክት ዴቢት ጋራንቲ የሚባል አለ። ኩባንያው ወይ ባንኩ ከተሳሳተ፣ ለምሳሌ ሳይነግሩሽ መጠኑን ወይ ቀኑን ከቀየሩ፣ ባንኩ ወዲያው ይመልሳል። የጊዜ ገደብም የለውም፤ በዚህ ከእናንተ ስምንት ሳምንት ይሻላል። ግን ስሕተት መኖር አለበት። እሷን ቀድመው በኢሜይል አሳውቀዋታል። መረጃው ትክክል ሆኖ ሳለ «መልሱልኝ» ብትልና ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ዕዳው ይቀመጣል። እናንተም ጋ ቢሆን ባንክ ስለመለሰልህ ዕዳው የተሰረዘ መሰለህ?

ከማይን ወንዝ፦
ተሰረዘ አላልኩም። ገንዘቡ እጅህ ላይ ሆኖ መከራከርና እነሱ እጅ ላይ ሆኖ መከራከር አንድ አይደለም ነው ያልኩት።

የሊድሷ፦
ስለ ሕጉ ተከራከሩ፤ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። የሉዊሻሟ፣ እንጀራ ቤት ነው የምትጋግሪው? ሁሉም ሰው ቢሉ ሲመጣ ምጣዱን ነው የሚረግመው። እኔ አስልቼዋለሁ። ምጣዴ 3 ኪሎዋት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሳያቋርጥ ቢሠራ 4 ኪሎዋት ተኩል ሰዓት ነው። በ2025 መጨረሻ ዋጋ፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 26 ፔንስ ነበር፣ 1 ፓውንድ ከ20 አይሞላም። በሳምንት አንዴ ብትጋግሪ በዓመት 60 ፓውንድ ገደማ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ማሞቂያው ነው። ምጣዱን ተዉት።

ኢኮኖሚ 7 የሚባለው ታሪፍ ያላችሁ ግን ሌሊት ብትጋግሩ ታተርፋላችሁ፤ ሌሊት ለሰባት ሰዓታት ርካሽ ነው፣ ቀኑ ግን ይወደዳል። እኔ ሞክሬው ፎቁ ላይ ያለችው ሴትዮ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ «የምን ሽታ ነው» ብላ በሩን ደበደበችው። ቀን ቀን ተመለስኩ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ማሞቂያ ስትሉ ሳቄ መጣ። እኔ በርሚንግሃም ነኝ። ጋቢ ለብሼ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የለመድነው ብርድ እዚህ ጠቀመኝ። ግን እዚያ ብርዱ ሌሊት ነው፤ ቀን ፀሐይ አለ፣ ግቢ ወጥተህ ትሞቃለህ፣ ጎረቤት ቡና ጠጡ ይልሃል። እዚህ ቀኑም ያው ነው። በሩን ዘግተህ ቆጣሪ ታያለህ።

የኔ ደግሞ የሁለት አገር መብራት ነው። የአባቴ ቤት ቆጣሪ የካርድ ነው። ወንድሜ በቴሌብር ይሞላል፣ ገንዘቡ ከኔ ነው። ካርዱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚደወለው ለኔ ነው፣ ለመብራት ኃይል አይደለም። ለግድቡም ቦንድ ገዝቻለሁ። በጳጉሜ 2017 ሲመረቅ እንባዬ መጣ። አንድ ሺህ አይደለም፣ 5,150 ሜጋዋት! እኔ እዚህ ኮሪደሩን አጥፍቼ ነው ምረቃውን ያየሁት።

የሉዊሻሟ፣ ቀኑን ግን ማስለወጥ ትችያለሽ። ደውለሽ «ደሞዜ ከገባ በኋላ ይሁን» በያቸው፤ ብዙዎቹ ይሰማሉ። የእናትሽን አታስቀሪ።

ከማይን ወንዝ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ይቅርታ። መጀመሪያ የራስን ቤት ነው። ለቤተሰብ በየወሩ መላክ ራሱ ዳይሬክት ዴቢት ነው፤ ልዩነቱ ጋራንቲ የለውም፣ ማጥፊያ ቁልፍም የለውም። ሲጨመር ደግሞ ማንም አሥር ቀን ቀድሞ አያሳውቅህም። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ምንዛሬው ተለቋል፤ ያው 100 ፓውንድ ዛሬ ድሮ ከነበረው ብዙ ብር ይገዛል። ታዲያ ትንሽ ቀንሶ መላክ ምን ነውር አለው?

ቶተንሃም 17፦
ብሩ በዛ እንጂ ዘይቱ ባለበት ቆመ እንዴ? ጤፉስ? መድኃኒቱስ? አገር ቤት ያለ ሰው ዋጋ አብሮ ሲወጣበት አንተ የምንዛሬ ሠንጠረዥ ታያለህ። እናት ላይ ሂሳብ አይሠራም።

ከማይን ወንዝ፦
ሂሳብ የማይሠራው ሰው ነው ዕዳ ሰብሳቢ የሚመጣበት። አሁን የአክስትህን ልጅ ታሪክ አንተው አይደለህ ያወራኸን?

ቶተንሃም 17፦
እሱ ለአገር ቤት አምስት ሳንቲም ልኮ አያውቅም! አንተ ደግሞ ነገር ትጠመዝዛለህ።

የሉዊሻሟ፦
ኧረ አትጣሉ፣ በኔ ነገር። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቢሉን አየሁት። ከጁን ጀምሮ ሁሉም ግምት ነው። ቆጣሪው ደረጃ ሥር ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ማን ያየዋል። ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ ደወልኩም። እንደገና አሰሉትና 151 አደረጉት። ቀኑንም ወደ 5 አዛወሩልኝ፤ ለዚህ ወር ግን አይደርስም አሉ። አሁን መቀየሩ ይቅር ወይስ አሁንም ይሻላል? ላንድሎርዱስ? ውሉ ላይ «ያለ ፈቃድ አገልግሎት ሰጪ መቀየር አይቻልም» ነው የሚለው።

ጋሼ ከፔካም፦
ጎበዝ። 151 ከተባለ ግምቱ ወደ መሬት ወርዷል። ንባቡን በየወሩ ላኪ፤ ትርፍ ሲከማችም እንዲመልሱልሽ ጠይቂ፣ ገንዘብሽ ነው። ስለ መቀየር፣ ያለሽበት ታሪፍ ስታንዳርድ ቫሪያብል (ዋጋው ከጣሪያው ጋር የሚለዋወጥ) ከሆነ ከጣሪያው በታች ፊክስድ ካገኘሽ ቀይሪ። ስታነጻጽሪ ስታንዲንግ ቻርጁንም እዪ። በ2025 መጨረሻ መብራትና ጋዝ ተደምሮ ምንም ሳታበሪ በቀን ወደ 88 ፔንስ ነበር፣ በዓመት 320 ፓውንድ። ስለ ላንድሎርዱ፣ ሂሳቡ በስምሽ ሆኖ ለኩባንያው በቀጥታ የምትከፍይ ከሆነ ምርጫው ያንቺ ነው። ቢሉ ከኪራዩ ጋር ቢሆን ኖሮ የሱ ነበር። ግን ያ የውሉ አንቀጽ…

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ጋሼ ይቅርታ ላቋርጥዎትና፣ ይሄ የፍራንክፈርቱ ልጅ «ማጥፊያ ቁልፍ የለውም» ያለው አልዋጥ ብሎኛል። አባቴን የማጠፋበት ቁልፍ ነው የምትፈልገው?

ከማይን ወንዝ፦
ቃሌን አታጣምሚ። እኔም እልካለሁ። በየወሩ እልካለሁ። ግን ደውለው ጤናዬን ጠይቀውኝ አያውቁም። «ገባ ወይ?» ነው የሚሉኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ለምን መጀመሪያ እንዲህ አላልክም?

ቶተንሃም 17፦
የኔም እንደዚያው ናቸው። አሁን እንደውም ለቴሌቪዥን ላኩ ብለውኛል።

ጋሼ ከፔካም፦
የሉዊሻሟ፣ የውሉን አንቀጽ ስሙን ሸፍነሽ በግል ላኪልኝ። ለላንድሎርዱም በኢሜይል አሳውቂው፤ በስልክ እንዳይሆን።

ክሮይደን ማዶ፦
አዲስ ነኝ፣ ሰላም ብያለሁ። የሊድሷ፣ ያ 3 ኪሎዋቱ ምጣድ በተራ ሶኬት ነው የሚሠራው? የኔን ሶኬት አቀለጠው። ከየት ነው የገዛሽው?

የሊድሷ፦
3 ኪሎዋት የ13 አምፑ ሶኬት ጫፍ ላይ ነው። በማራዘሚያ እንዳትሰኪው፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን። የቀለጠውን ግን ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትጠቀሚበት። የኔን ከአገር ቤት ነው ያስመጣሁት።