«አስለምደሽው ነው» የምትሉ ሰዎች እስቲ ወዲህ ኑ

እንቅልፍ ያማራት፦ ልጄ 11 ሳምንቱ ነው። ሌሊት አራት አምስቴ ይነሳል። ትናንት ልትጠይቀኝ የመጣች ዘመድ ተደላድላ ተቀምጣ «አስለምደሽው ነው እኮ፣ ሁለት ሌሊት ቢያለቅስ ይተወዋል» ብላኝ ሄደች። ቤቷ ገብታ ለጥ ብላ ተኛች። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲዬን ስፈልግ ስፈልግ ቆየሁ፣ ለካ እግሬ ላይ ነው። እና ጥያቄዬ፣ ገና ሦስት ወር ያልሞላው ሰው ምኑን ነው የለመደው?

የመንታ አባት፦ አራት አምስቴ? አልፎልሻል። የኛዎቹ በተራ ነው የሚነሱት። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይረከባል። ፈረቃ ያወጡ ነው የሚመስለው።

አምስት ያሳደገች፦ ልጄ፣ ዘመድሽ ክፉ አልተናገረችም። የዛሬ እናቶች ልጁ ገና ፊቱን ሲያጨማድድ ብድግ ነው። መብራት ይበራል፣ ስልክ ይበራል፣ ዳይፐር ይፈታል። ማስለመድ ማለት ይኼ ነው፣ ሌላ ምን ትርጉም አለው?

እንቅልፍ ያማራት፦ ይቅርታ እማማ፣ ርቦት ነው የሚነሳው። ስሰጠው ይጠባል፣ ጠብቶ ይተኛል። ረሃብ ነው ያስለመድኩት?

የማታ ተረኛ፦ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። እማማ በግማሽ ልክ ናቸው። ጨቅላ ከሚተኛው ግማሽ ያህሉ ያልረጋ እንቅልፍ ነው። ያቃስታል፣ ይንፈራገጣል፣ ዓይኑን ገለጥ ያደርጋል፣ አንዳንዴ እህህ ብሎ አልቅሶም ይተዋል። ይኼን ሁሉ የሚያደርገው ተኝቶ ነው። ያኔ ብድግ ካደረግሽው የቀሰቀስሽው አንቺ ነሽ። አንድ ሁለት ደቂቃ እጅሽን ሰብስበሽ እይው፣ ለቅሶው ከከረረ አንሺው። ግማሹን ግን ተሳስተዋል። ጨቅላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፣ በዚህም ዕድሜ ሌሊት መጥባት ያለ ነው። ቀንና ሌሊት የሚለየው የሰውነት ሰዓትም መስመር የሚይዘው ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው። ገና እየተሠራ ያለ ሰዓት ረፈደብኝ ብለሽ አትቆጪውም።

አምስት ያሳደገች፦ «ልክ ናቸው» ተብሏል። ሁላችሁም አንብባችኋል።

እንቅልፍ ያማራት፦ በግማሽ!

ቁጥር ይዤ መጣሁ፦ ስሜቱን ወዲያ እንበለውና፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት አለ። 326 ልጆች ናቸው። ከፊሎቹ ወላጆች ልጁ ሲያለቅስ ቶሎ ከመነሳት ይልቅ ቀስ በቀስ እየዘገዩ መሄድን ተማሩ። ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ታዩ። ምንም ጉዳት አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ዘመድየዋን እንዲህ ማብጠልጠል ምንድነው?

እስከ መጨረሻው ያነበበች፦ ወንድሜ፣ እነዚያ ልጆች ወደ ጥናቱ የገቡት በ7 ወራቸው ነው። የሷ ልጅ 11 ሳምንቱ። ደግሞ የዘለልካት አንዲት ነገር አለች፣ በስድስት ዓመታቸው ጉዳቱም አልታየ ጥቅሙም አልታየ። የተማሩትም ያልተማሩትም ወላጆች ልጆች አንድ ነበሩ።

ቁጥር ይዤ መጣሁ፦ ጉዳት የለውም ነው ያልኩት። ይጠቅማል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

እስከ መጨረሻው ያነበበች፦ «ዘመድየዋን ማብጠልጠል ምንድነው» ያለው ታዲያ ማነው፣ እኔ ነኝ?

ቁጥር ይዤ መጣሁ፦ ሁለት ሌሊት ማልቀስ አይገድልም ለማለት ነው።

እስከ መጨረሻው ያነበበች፦ እሺ፣ «አይገድልም» የልጅ አስተዳደግ መለኪያ ሆነ። ተመስገን ነው።

የመንታ አባት፦ ተውት በቃ። ለመሆኑ አባትየው የት ነው ያለው? እኔ ሚስቴን ሌሊት ሌሊት እረዳታለሁ።

እንቅልፍ ያማራት፦ «እረዳታለሁ»?

እስከ መጨረሻው ያነበበች፦ እኔም እሷን ቃል ልነካ ነበር። ልጆቹ የጎረቤት ናቸው እንዴ?

የመንታ አባት፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከ4 እስከ 8 ሰዓት የኔ፣ ከዚያ የሷ ነው። ቃሉ ነው ያጣላን? ባለፈው ሳምንት አንዱን ደረቴ ላይ አድርጌ ሶፋ ላይ ሁለታችንንም እንቅልፍ ጣለን። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም። ከተወለደ እንደዚያ ተኝቶ አያውቅም።

የማታ ተረኛ፦ ይኼን እንዳትደግመው። የምሬን ነው። ከሁሉም በላይ የምንፈራው ሶፋ ላይ አብሮ እንቅልፍ መውሰድን ነው። ልጁ በትራሱና በአንተ መሃል ሸርተት ቢል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንተ አትሰማም። በጀርባው፣ ደልደል ያለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና አሻንጉሊት ሳይኖር ነው የሚተኛው። ቢያንስ እስከ ስድስት ወር እናንተ ክፍል ውስጥ ይሁን፣ ግን በራሱ አልጋ።

አምስት ያሳደገች፦ እኛ በሆዳቸው ነበር የምናስተኛቸው። አምስቱም አሉ።

የማታ ተረኛ፦ እንኳን ኖሩልዎት እማማ። የሌላቸውም ወላጆች ግን አሉ፣ እነሱ እዚህ መጥተው አይጽፉም። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ በጀርባ አስተኙ የሚል ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በጣም ቀንሷል።

የመንታ አባት፦ ደነገጥኩ። እሺ። ሶፋው ቀርቷል።

እንቅልፍ ያማራት፦ አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳትፈርዱብኝ። ከትናንት ወዲያ ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ ሲነሳ በጣም ተናደድኩበት። ሳነሳው እጄ ጠንክሮብኝ ነበር። የፒጃማው ቁልፍ ጣቴ ላይ ምልክቱን ትቶ አየሁት። ከዚያ እኔም አለቀስኩ።

የማታ ተረኛ፦ እህቴ፣ ጥሩ አደረግሽ መናገርሽ። እንደዚያ ሲሆን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኚውና ውጪ። በሩን ዝጊ። አምስት አሥር ደቂቃ ይልቀስ። ፊትሽን ታጠቢ፣ ተንፍሺ፣ ከዚያ ተመለሺ። ልጅን መነቅነቅ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል፣ ማልቀሱ ይሻላል። ሐዘኑና ንዴቱ በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ለሐኪም ንገሪ፣ ይታከማል።

ቁጥር ይዤ መጣሁ፦ ይኸው! «ይልቀስ» አለች። ነርሷ ራሷ አለች። ታዲያ እኔ ምን አልኩ?

እስከ መጨረሻው ያነበበች፦ አንተ ሰውዬ ታስቃለህ። እሷ እናትየው እንድትረጋጋ ነው ያለችው፣ አንተ ልጁ እንዲማር። አንድ ናቸው?

ቁጥር ይዤ መጣሁ፦ ልጁ ልዩነቱን ያውቃል? ለሱ ያው ለቅሶ ነው።

እስከ መጨረሻው ያነበበች፦ አሁን «ልጁ አያውቅም» አልክ። ካላወቀ ምኑን ይማራል?

ቁጥር ይዤ መጣሁ፦ በ7 ወሩ ያውቃል ነው የምለው።

እስከ መጨረሻው ያነበበች፦ የሷ 11 ሳምንቱ ነው!!!

አምስት ያሳደገች፦ እናንተ ተጨቃጨቁ። ልጄ፣ እኔም ሁለተኛው ላይ እንደዚያ ሆኜ ነበር። ጓሮ ወጥቼ ቆሜ ለቅሶው እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ስለማስለመዱ ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

የማታ ተረኛ፦ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር። ከሦስት ወር በታች ያለ ልጅ ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ ወይም አልጠባም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። እዚህ መጥታችሁ አትጠይቁ።

እንቅልፍ ያማራት፦ እሺ። ቆይ፣ አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እኔስ ምክንያት አለኝ፣ እማማ እርስዎን በዚህ ሰዓት ማን አስነሳዎት?

አምስት ያሳደገች፦ እንቅልፍ ከጠፋብኝ ቆየ። ከነሱ ወዲህ ነው መሰለኝ።

የመንታ አባት፦ አስለምደዎት ነው 😂

አምስት ያሳደገች፦ አንተ ሂድና ሶፋህ ላይ ተኛ። ብቻህን።

እንቅልፍ ያማራት፦ እያቃሰተ ነው። አንድ ደቂቃ ልጠብቅ ነው። እጄን ሰብስቤያለሁ። አይ፣ ከረረ። መጣሁ።

ቁጥር ይዤ መጣሁ፦ ቆይ፣ 326ቱ ላይ የተነሳው ነገር ሳይመለስ ነው እንዴ የምትበታተኑት?