ተርዛን 5ን ከሐዋሳ ማየት ይቻላል?

የሐይቅ ዳሯ መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ተርዛን 5 ሉላዊ የከዋክብት ዘለላ (በስበት ተሳስበው ኳስ የሠሩ እጅግ ብዙ ከዋክብት ስብስብ) ሳስረዳ አንዲት ተማሪዬ «ሕዋ ባዶ ነው ብለውን አልነበር? ያን ሁሉ ኮከብ የሚጋርድ አቧራ ከየት መጣ?» አለችኝ። ተገቢ መልስ ልሰጣት እፈልጋለሁ። ደግሞስ በትምህርት ቤታችን ትንሽ ቴሌስኮፕ ልናየው እንችላለን?

የታቦር ሌሊት
መምህርት፣ ልጅቷ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። አቧራው የከዋክብቱ የራሳቸው ነው፤ ያረጁ ከዋክብት ጋዛቸውን ወደ ሕዋ ሲያራግፉ ከካርቦንና ከሲሊኬት ይፈጠራል። ቅንጣቱ ከማይክሮሜትር ያነሰ፣ እርስ በርሱም እጅግ የተራራቀ ነው። ነገር ግን ዘለላው ከእኛ 20 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ብርሃኑም የሚመጣው ጋላክሲያችንን፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ ውስጥ ለውስጥ ሰንጥቆ ነው። በመንገዱ ሁሉ የተጠራቀመው አቧራ ዓይን የሚያየውን ብርሃን በብዙ መቶ እጥፍ ያደበዝዘዋል። ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር ግን ሞገዱ ከቅንጣቶቹ ስለሚረዝም፣ 2 ማይክሮሜትር አካባቢ ግማሽ ያህሉ ያልፋል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከአቧራው ጀርባ የተገኘው ነው። የሉላዊ ዘለላ ከዋክብት አብዛኛውን ጊዜ እኩዮች ናቸው። እዚህ ግን አንዱ ወገን 12 ቢሊዮን፣ ሌላው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ታናናሾቹ የፀሐያችን እኩዮች ናቸው ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን ያሳተሙት ተመራማሪዎች ዘለላው የጋላክሲያችን እምብርት ከተገነባባቸው ጥንታዊ ክፍሎች የተረፈ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እባክዎን ይህን ሳይነግሯቸው እንዳይቀሩ።

ሬዲዮ ወዳድ ከአዳማ
የሬዲዮ ሞገድንማ አቧራው ጨርሶ አያግደውም። እዚያው ዘለላ ውስጥ በሴኮንድ 716 ጊዜ የሚሽከረከር ፑልሳር (እየተሽከረከረ የሬዲዮ ሞገድ የሚልክ፣ እጅግ የታመቀ የሞተ ኮከብ ቅሪት) አለ፤ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ፈጣኑ ነው። «ሀ» ብለው ሳይጨርሱ መቶ ጊዜ ዞሯል።

የሐይቅ ዳሯ መምህርት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቴሌስኮፑስ ነገር?

የታቦር ሌሊት
ለተርዛን 5 አይድከሙ፣ አይታይም። ተርዛን 5 ባለበት በቀውስ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለውን ኤም 22 የተባለ ሌላ ሉላዊ ዘለላ ያሳዩዋቸው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሐይቁ ዳር ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመልከቱ። የከተማው መብራት ከጀርባችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ጭጋግ የመሰለ ክብ ይታያችኋል፤ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ጠርዙ ላይ ከዋክብቱ አንድ በአንድ ይለያሉ። ርቀቱ 10 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። እሱም ከአቧራው አላመለጠም፤ የሚደርሰን ከግማሽ ያነሰው ብርሃኑ ነው። ለልጅቷ ጥያቄ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ይሆናታል።