የተፈታ ዳዶ፣ የተጨመረ ባሌስትራ፦ የጭነት መኪና ጎማ ለምን ይወልቃል?

ባለመኪና፣ ከአዳማ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በጋራ የምናሠራው ባለ 10 ጎማ ገልባጭ መኪና አለን፤ ሥራው አሸዋና ጠጠር ማመላለስ ነው። በቅርቡ መኪናው ተጭኖ በመጓዝ ላይ ሳለ በግራ በኩል ያሉት የኋላ ድርብ ጎማዎች ወልቀው አንደኛው የመንገዱን ዳር አልፎ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ከጥቂት ቀናት በፊት በዚያው በኩል ጎማ ተቀይሮ ነበር። አሁን መኪናውን የያዘው ባለሙያ ቡሎኖቹ ስለቀጠኑ ነው፣ ቀዳዳዎቹን ቶርኖ ቤት አስፍተን ወፍራም ቡሎን እናስገባ ይላል። ወንድሜ ደግሞ መኪናው ጋራዥ ከገባ አይቀር ሁለት ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከም ተደራራቢ የብረት ሞላ) እንዲጨመርበትና ስፖንዳው (የጭነት ሳጥኑ ግድግዳ) በ40 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ይፈልጋል። ጎማው የወለቀው በእርግጥ በቡሎን ቅጥነት ነው? የታሰቡት ለውጦችስ ከጎማው ጉዳይ ጋር ይገናኛሉ? እባካችሁ የምታውቁ አስረዱን።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦

ሰው ባለመጎዳቱ ደስ ብሎኛል። ከነገሩን ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የያዘው ጎማው ከጥቂት ቀናት በፊት ተቀይሮ ነበር ያሉት ነው።

ብዙ ሰው የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ቡሎኖቹ ይመስሉታል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዳዶው (በቡሎኑ ጥርስ ላይ የሚጠብቀው ማሰሪያ) በሚገባ ሲጠብቅ ቡሎኑ በጥቂቱ ይለጠጥና ቸርኬውን (ጎማው የሚለበስበትን የብረት ክብ) ከተቀመጠበት ብረት ጋር አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጭነቱን የሚያስተላልፈውም በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ይህ አያያዝ ከላላ ቸርኬው በእያንዳንዱ ዙር በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል፣ የቸርኬው ቀዳዳ እየተበላ ይሰፋል፣ ቡሎኑም ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ድካም ያጠራቅምና ይሰበራል። አንዱ ሲሰበር የእርሱ ድርሻ ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚዛወር የቀሩት ተከታትለው ይሄዳሉ። ስለዚህ የተሰበረ ቡሎን ተገኘ ማለት ቡሎኑ ቀጭን ነበር ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳዶው ቀድሞ ላልቶ ነበር ማለት ነው።

አዲስ የታሰረ ጎማ የሚላላው ደግሞ በሚታወቅ ምክንያት ነው። በቸርኬው ፊት ላይ ዝገት፣ ጭቃ ወይም ወፍራም ቀለም ካለ መኪናው በተጫነበት የመጀመሪያ ጉዞ ያ ሽፋን ይደቅቃል፤ ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ቢፈጠር እንኳ የቡሎኑ ውጥረት በእጅጉ ይቀንሳል። ጎማ ከታሰረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ጎሚስታው አጥብቆ ሂሳቡን ይቀበላል፣ አሽከርካሪው ይሄዳል፣ ሁለተኛው ማጥበቅ ግን የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።

ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ቡሎን ማስገባትን በፍጹም አልመክርም። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ብረት ይሳሳል፣ ቀዳዳው ከመሐል በትንሹ እንኳ ከሸሸ ቸርኬው በትክክል አይቀመጥም፣ አምራቹ የወሰነው የማጥበቂያ መጠንም ከእንግዲህ አይሠራም። ትክክለኛው ጥገና ለዚያው መኪና የተሠራ ተመሳሳይ ቡሎንና ዳዶ ማስገባት ነው። አንድ ቡሎን ብቻ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ እርሱንና ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን መቀየር በበቃ ነበር፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከተሰበረ ግን በዚያ ጎማ ላይ ያሉት በሙሉ ይቀየራሉ፤ ደህና የሚመስሉት ውስጣቸው ሳይሰነጠቅ አይቀርምና። ቀዳዳው ወደ ሞላላነት የተለወጠ ቸርኬም በብየዳ አይታደስም፣ ይጣላል።

የረዥም መስመር አሽከርካሪ፦

በጋላፊ መስመርም በአባይ በረሃም ለብዙ ዓመታት ነድቻለሁ። መካኒኩ ወንድማችን ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም እኛ በመፍቻው ላይ ረዥም ቧንቧ አስገብተን ሰው ቆሞበት እየዘለለ እንዲያጠብቅ ስናደርግ ኖረናል፤ ያ ባለበት ጎማ ወልቆ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ በየመንገዱ ከየት ይመጣል?

ለጠያቂው ግን ከአሽከርካሪ ወገን የምለው አለኝ። ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይወልቅም። ከዳዶው ሥር እንደ ጨረር የወጣ የዝገት መስመር፣ በቸርኬው ቀዳዳ ዙሪያ አዲስ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ በዝግታ ሲነዱ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉ የላላ ዳዶ ምልክቶች ናቸው። ቁልቁለት ከወረድኩ በኋላ ስቆም እጄን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠግቼ ሙቀቱን አነጻጽራለሁ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው (ጎማው በአክስሉ ላይ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ተሸካሚ) ግራሶ አልቆበታል። ኩሽኔታው የተቃጠለ እንደሆነ ዳዶዎቹ ሁሉ ጥብቅ ሆነው ሳለ ጎማው ከነታምቡሩ ተነቅሎ ይሄዳል።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦

ስለ ኩሽኔታው የጻፉት በጣም አስፈላጊ ነው፤ እኔ ዘልዬው ነበር። ስለ ቧንቧው ግን ስሌቱን አብረን እንይ። በጭነት መኪኖች ላይ ለሚገኘው የ22 ሚሊ ሜትር ቡሎን የተለመደው የማጥበቂያ መጠን በ600 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ ላይ ይገኛል። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ረዳት በ1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ሳይዘል ቢቆም 590 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ይህ መለኪያ በሌለበት መጥፎ ግምት አይደለም። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንድ ሜትር ተኩል ቧንቧ ላይ ሲቆም ግን ወደ 1,180 ይደርሳል፣ ከዘለለበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ከመጠን በላይ የተሳበ ቡሎን ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፣ ጥርሱም ይበላሻል። ቧንቧ መጠቀም ግድ ከሆነ ርዝመቱንና የሰውየውን ክብደት አውቆ፣ ሳይዘሉ፣ ዳዶዎቹን በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየሩ ማጥበቅ ይሻላል። ጋራዥ ሲደረስ በመለኪያ ይረጋገጣል።

ቶሮንቶ የሚኖር አሽከርካሪ፦

እዚህ ኦንታሪዮ ውስጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጭነት መኪና የወለቁ ጎማዎች ሰው ከገደሉ በኋላ በ1997 ጥብቅ ሕግ ወጥቷል። ጎማ ከወለቀ ድርጅቱ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጌያለሁ ብሎ መከላከል አይችልም፤ ቅጣቱም እስከ 50,000 የካናዳ ዶላር ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ድርጅቶች ጎማ ማን እንዳሰረ፣ መቼ እንደታሰረና ከስንት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እንደጠበቀ በጽሑፍ ይይዛሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም በ1992 ባወጣው ጥናት ዋና ምክንያቶቹ ሁለት መሆናቸውን ገልጿል፤ እነርሱም የተሳሳተ አጠባበቅና የኩሽኔታ መበላሸት ናቸው። ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

ባለመኪና፣ ከአዳማ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋራዥ ሄጄ አይቻለሁ፤ አራት ቡሎኖች ከሥራቸው ተሰብረዋል፣ የቸርኬውም ቀዳዳዎች ሞላላ ሆነዋል። ወፍራም ቡሎን የማስገባቱን ሐሳብ ትተነዋል። ወንድሜ ግን ባሌስትራውና ስፖንዳው ከዚህ ጋር አይገናኙም ይላል። የናፍጣውና የመለዋወጫው ዋጋ ሲታይ ሐሳቡ ይገባኛል፤ በአንድ ጉዞ ብዙ ካልተጫነ ትርፍ የለም።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦

የወንድምዎን ጭንቀት አላቃልልም፤ ነገር ግን ስፖንዳውን በቁጥር ይዩት። የጭነት ሳጥኑ 5 ሜትር በ2 ሜትር ከ30 ነው ብንል፣ 40 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 4.6 ሜትር ኩብ ቦታ ይገኛል። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ጭማሪው ከ7 ቶን በላይ ነው፣ አሸዋው ከወንዝ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ክብደት የሚቀመጠው ከነበረው ጭነት በላይ ስለሆነ ጠመዝማዛ ላይ መኪናውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በውጭ በኩል ያሉት ጎማዎች፣ ኩሽኔታዎችና ቡሎኖችም ያልተሠሩበትን ጭነት ይሸከማሉ።

ባሌስትራ መጨመር የሚያታልለው መኪናው ስለማይጎብጥ ነው። ከውጭ ሲታይ ጭነቱን የቻለው ይመስላል፤ ሆኖም የአክስሉ፣ የኩሽኔታው፣ የቸርኬውና የፍሬኑ አቅም በአንዲት ኪሎ አልጨመረም። ከዚህም በላይ ባሌስትራው ስለሚደነድን ቀድሞ ይውጠው የነበረውን የጉድጓድ ምት በቀጥታ ወደ ቡሎኖቹ ያሳልፈዋል። ወንድምዎ አይገናኙም ያሉት ነገር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሥራው በሚሠራበት ጊዜ የሻንሲው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ከተበሳ ወይም ከተበየደ ደግሞ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ አምራቾች በእነዚህ ቦታዎች ላይ መብሳትንም ሆነ መበየድን የሚከለክሉት ስለዚህ ነው። ለዓመታዊው ምርመራ ሲባል የተጨመረውን ባሌስትራና ስፖንዳ አውርዶ፣ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ መልሶ የሚያስገጥም ባለንብረት አለ፤ ያ የሚያታልለው ወረቀቱን ነው፣ ብረቱን አይደለም።

አደጋው የሚያርፍበትም ሰው ይታሰብ። 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወልቅ የያዘው ጉልበት፣ መሽከርከሩን ሳንቆጥር፣ ከ25 ሜትር ከፍታ ማለትም ከስምንት ፎቅ ያህል እንደተለቀቀ ነው። የእርስዎ መኪና የሚመላለሰው ደግሞ በአጥር በተከለለው የፍጥነት መንገድ ብቻ አይደለም፤ በሞጆ፣ በቢሾፍቱና በዱከም ውስጥ ተማሪና ባለጋሪ ዳሩን ይዞ በሚሄድበት አሮጌው መንገድም ነው።

የረዥም መስመር አሽከርካሪ፦

ስለ ቧንቧው የተሰጠውን ስሌት ተቀብያለሁ፤ ለረዳቴም አሳየዋለሁ። ጠያቂ ወንድሜ፣ ለታላቅ ወንድምዎ የሚነግሩት ይህን ነው፦ ስፖንዳው ከፍ ያለ መኪና በጉዞ ብዛት ይሸነፋል። ጎማው፣ ፍሬኑና ባሌስትራው ቶሎ ስለሚያልቁ ከወር ውስጥ ብዙውን ቀን ጋራዥ ይውላል። በልኩ የሚጫን መኪና ግን በየቀኑ ይሠራል። የሁለት ወር የጥገና ወጪያችሁን ከጭነት ገቢው ጎን ጽፋችሁ አብራችሁ ተመልከቱት።

ባለመኪና፣ ከአዳማ፦

እንደዚያ እናደርጋለን። በግራ በኩል ያሉት ቡሎኖች በሙሉ እንዲቀየሩ አዝዘናል፣ ሁለቱ ቸርኬዎችም ይጣላሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ በቀኝ በኩል ያሉት ጎማዎች አልተነኩም፣ እነርሱንም ማስፈታት ያስፈልጋል?

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦

አዎ። ያው ጭነት ነው የተጫነባቸው። ያስፈቷቸው፣ የቸርኬዎቹ ፊት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፣ ቀዳዳዎቹ ይታዩ፣ ኩሽኔታዎቹም አዲስ ግራሶ ይግባላቸው። ከዚያ ጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ጎማዎቹ ከቀዘቀዙ በኋላ፣ የሁሉም ጎማዎች ዳዶ እንደገና ይጥበቅ።