የ2027 ራግቢ ዓለም ዋንጫ ትንበያ፦ ሦስተኛ ሆነው የሚያልፉትን አራቱን በምን ትለያላችሁ?

ሃያ ሦስተኛው ተቀያሪ

ሰላም ጓዶች። ለአውስትራሊያው ዓለም ዋንጫ የምንሞላው ትንበያ ሕጉ እንዲህ ነው፦ አሸናፊውን ላገኘ 2 ነጥብ፤ የልዩነቱን ክልል (1–7፣ 8–14፣ ወይም 15 እና ከዚያ በላይ) ላገኘ ተጨማሪ 1። ውድድሩ ሳይጀመር ደግሞ ከስድስቱ ምድቦች ሦስተኛ ሆነው የሚያልፉትን አራት ቡድኖችና ዋንጫ የሚበላውን መጻፍ ግድ ነው። ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ሦስተኛ 5 ነጥብ ስላለው እዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው ተመልሶ አይደርስም።

ምድቦቹን ላስታውሳችሁ፦

ምድብ 1፦ ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ቺሊ፣ ሆንግ ኮንግ
ምድብ 2፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ጣሊያን፣ ጆርጂያ፣ ሮማኒያ
ምድብ 3፦ አርጀንቲና፣ ፊጂ፣ ስፔን፣ ካናዳ
ምድብ 4፦ አየርላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ኡራጓይ፣ ፖርቱጋል
ምድብ 5፦ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ አሜሪካ፣ ሳሞአ
ምድብ 6፦ እንግሊዝ፣ ዌልስ፣ ቶንጋ፣ ዚምባብዌ

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ሦስተኞቹን በምን ልለይ? በጥሎ ማለፉ የትኛውን የልዩነት ክልል ልምረጥ? 2023ን ሳይ ሁሉም በአንድና በሁለት ነጥብ ያለቀ ይመስላል፤ 1–7 ብዬ ልሙላው? ዋንጫውንስ እንደገና ለደቡብ አፍሪካ መስጠት የዋህነት ነው?

ቦነስ ነጥብ

ከሦስተኞቹ ልጀምር፤ ብዙ ሰው በግምት የሚሞላው፣ ግን በሂሳብ የሚሠራው ክፍል እሱ ስለሆነ።

ከ2003 እስከ 2023 እያንዳንዱ ቡድን በምድቡ አራት ጨዋታ ነበረው፤ አሁን 24 ቡድን በስድስት ምድብ ስለተከፈለ ሦስት ብቻ ነው። ድል 4፣ አቻ 2 ነጥብ። አራትና ከዚያ በላይ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው ጎል መስመር ማዶ መሬት ማስነካት) ላገባ 1 ቦነስ፣ በ7 ነጥብ ወይም ባነሰ ልዩነት ለተሸነፈም 1 ቦነስ። ነገሮች እንደተጠበቁት ከሄዱ ደካማው ሦስተኛ ቡድን በሁለቱ ትልልቆች ተሸንፎ አራተኛውን ያሸንፋል። ስለዚህ ስድስቱም ሦስተኞች አንድ አንድ ድል ይዘው 4 ወይም 5 ነጥብ ላይ ይቆማሉ፤ ከስድስቱ አራት ነው የሚያልፈው። ወሳኟ ያቺ አንዷ ቦነስ ናት።

ስለዚህ የምትተነብየው ስድስት ጨዋታ ነው፦ ቺሊ ከሆንግ ኮንግ፣ ጆርጂያ ከሮማኒያ፣ ስፔን ከካናዳ፣ ኡራጓይ ከፖርቱጋል፣ አሜሪካ ከሳሞአ፣ ቶንጋ ከዚምባብዌ። በእያንዳንዱ «ማን ያሸንፋል» ብለህ አትቁም፤ «አሸናፊው አራት ትራይ ያገባል ወይ» በል። ጠባብ ጨዋታ ላይ አሰልጣኝ ፔናልቲ ሲያገኝ ወደ ምሰሶው ያስመታል፣ 3 ነጥቡን ይወስዳል፣ ትራዩ ይቀራል። 19 ለ 16 አሸንፎ 4 ነጥብ ይዞ የተቀመጠ ቡድን፣ 35 ለ 10 አሸንፎ 5 የያዘውን ከታች ሆኖ ያየዋል።

ጆርጂያን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፋለሁ። ስክረሙ (የፊት ተጫዋቾቹ ተያይዘው የሚገፋፉበት) ብቻውን ፔናልቲ ያመጣለታል፤ ሮማኒያን በአውሮፓ ውድድር ለዓመታት ሲያሸንፍ ኖሯል። በ2022 ጣሊያንን ባቱሚ ላይ 28 ለ 19፣ ዌልስን ካርዲፍ ላይ 13 ለ 12 የረታ ቡድን ነው። ስጋቴ ሌላ ነው፤ ጣሊያንን አልፎ ሁለተኛ ከወጣ «ሦስተኛ» ብለህ የጻፍከው ይበላሻል። ያን ጊዜ ጣሊያን ሦስተኛ ሆኖ ያልፋል፣ አንተ 5ቱን ታጣለህ።

ቶንጋንም እጽፋለሁ። ኡራጓይና ፖርቱጋል ግን እርስ በርስ የሚታነቁ ናቸው፤ አሸናፊው ያለ ቦነስ በ4 የመቅረት ዕድሉ ከሁሉም ምድብ ይበልጣል። እኔ ከዚያ ምድብ ሦስተኛ አልጽፍም።

የሽንፈት ቦነስን የሚንቅ ካለ 2023ን ይመልከት። ፊጂ አውስትራሊያን 22 ለ 15፣ ጆርጂያን 17 ለ 12 አሸነፈ። በዌልስ 32 ለ 26 ሲሸነፍ አራት ትራይ አግብቶ፣ ልዩነቱም 6 ስለነበር 2 ነጥብ ይዞ ወጣ። በመጨረሻው ጨዋታ ፖርቱጋል 24 ለ 23 ስትረታው 1 ነጥብ ጨመረ። ድምር 11። አውስትራሊያም 11 ነበረው! እርስ በርስ በተገናኙበት ፊጂ ስላሸነፈ ወደ ሩብ ፍጻሜ የሄደው እሱ ነው። ፊጂ በሽንፈት ያገኛቸውን 3 ነጥቦች ብታወጣ 8 ይዞ ወደ ቤቱ ነው።

ሳሞአም በዚያው ውድድር ያሸነፈው ቺሊን ብቻ ነው፣ 43 ለ 10። ግን በጃፓን 28 ለ 22፣ በእንግሊዝ 18 ለ 17 ስለተሸነፈ 7 ነጥብ ይዞ ጨርሷል። በአዲሱ አደረጃጀት እንዲህ ያለ ቡድን ነው ሦስተኛ ሆኖ የሚያልፈው። ለ2027 ያለፈው በመጨረሻው ማጣሪያ ከቤልጂየም 13 ለ 13 ወጥቶ በጭንቅ ቢሆንም፣ የምድብ 5 ሦስተኛ አድርጌ የምጽፈው እሱን ነው።

አራተኛውን ከስፔንና ከቺሊ መካከል ምረጥ። ሁለቱም በ5 ነጥብ ቢጨርሱ በመካከላቸው ጨዋታ ስለሌለ የነጥብ ልዩነት ይመጣል። ቺሊ ኒውዚላንድንም አውስትራሊያንም በአንድ ምድብ ይገጥማል፤ ከሁለቱ የሚደርስበትን ቁጥር አስብና ስፔንን ጻፍ።

የድሮ ፕሮፕ

በሂሳቡ እስማማለሁ፤ ስለ ልዩነቱ ግን ጠያቂው ከአንድ ውድድር ብቻ መማሩ አደጋ አለው።

የ2023 ጥሎ ማለፍ ስምንት ጨዋታ ነበር። ከስምንቱ ስድስቱ በ7 ወይም ባነሰ አልቀዋል፦ 28 ለ 24፣ 30 ለ 24፣ 29 ለ 28፣ 16 ለ 15፣ ለሦስተኛ ደረጃ 26 ለ 23፣ ፍጻሜው 12 ለ 11። ይህን ያየ ሁሉ «1–7» ብሎ ይሞላል። ወደ 2019 ተመለስና እይ፦ 40 ለ 16፣ 46 ለ 14፣ 26 ለ 3፣ 19 ለ 7፣ 40 ለ 17፣ 32 ለ 12። በ7 ውስጥ ያለቁት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም የዌልስ፦ ፈረንሳይን 20 ለ 19 ያሸነፈበትና በደቡብ አፍሪካ 19 ለ 16 የተሸነፈበት።

የ2023ቱ ሩብ ፍጻሜ ያን ያህል የጠበበበት አንዱ ምክንያት ዕጣው ነው። የወጣው በታኅሣሥ 2020፣ በ2020 መጀመሪያ ደረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለነበር ደቡብ አፍሪካ፣ አየርላንድ፣ ፈረንሳይና ኒውዚላንድ አንድ ጎን ላይ ተከመሩ። የ2027ቱ ግን በታኅሣሥ 2025 ነው የወጣው፤ ስድስቱ ጠንካሮች በስድስት ምድብ ተበትነዋል።

ሌላው፣ አሁን ጥሎ ማለፉ ስምንት ሳይሆን አሥራ ስድስት ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው ዙር አራት የምድብ አሸናፊዎች ከሦስተኞች ጋር ይጫወታሉ። እነዚያን አራቱን 15+ ብለህ ሙላ፣ አትጨነቅ። 1–7ን ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ አስቀምጠው።

ለቀሪው የዓለም ደረጃውን ነጥብ ተጠቀም፤ ተራ ቁጥሩን ግን አትይ። 4ኛና 5ኛ በ0.2 ሊለያዩ ይችላሉ፣ 9ኛና 10ኛ በ3። በስሌቱ ለባለሜዳው 3 ነጥብ ይታከልለታል፤ ስለዚህ የአውስትራሊያን ጨዋታ ስታነጻጽር አንተም 3 ጨምር። ልዩነቱ 10 ሲሞላ ጠንካራው ቢያሸንፍም ምንም አይጨመርለትም። በ5 የሚበልጥ ቡድን ሲያሸንፍ 0.5 ያገኛል፣ ሲሸነፍ 1.5 ያጣል፤ በዓለም ዋንጫ ይህ እጥፍ ነው። ችግሩ ዚምባብዌና ሆንግ ኮንግን የመሰሉ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቻቸው ጋር ስለሚጫወቱ ቁጥራቸው ከትልልቆቹ ጋር አልተፈተነም። እነሱ ላይ ደረጃው ከሚያሳየው የሰፋ ልዩነት ጠብቅ።

ሃያ ሦስተኛው ተቀያሪ

በጣም ጥሩ። አራቱን 15+ አደረግኳቸው። የጨዋታ ትንበያ የሚዘጋው ፊሽካው ሊነፋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ አሰላለፍ ከወጣ በኋላ ምን አይቼ ልቀይር? ዋንጫውንም እንዳትረሱ።

ላይንአውት

አሰላለፍ ሲወጣ ዓይን ሁሉ 10 ቁጥርና ክንፎቹ ላይ ነው። አንተ 2 ቁጥርንና 16 ቁጥርን መጀመሪያ እይ፤ ሁለቱ ሁከሮች ናቸው፤ በስክረም መሃል የሚቆሙና ከመስመር የወጣውን ኳስ በላይንአውት የሚወረውሩ። በ2023 ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካ ማልኮም ማርክስን ቀድሞ በጉዳት አጥቶ ነበር፤ ቦንጊ ምቦናምቢ ደግሞ ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ተጎድቶ ወጣ። ዲዮን ፉሪ ቀሪውን ጨዋታ በሙሉ ሁከር ሆኖ ተጫወተ፤ በዚያን ጊዜ ግን በዋናነት የኋላ ረድፍ ተጫዋች ነበር። ላይንአውታቸው ሲንገዳገድ አመሸ። ዋንጫው የተረፈው በሃንድሬ ፖላርድ አራት ፔናልቲዎች ነው። እውነተኛው ሁከር አንድ ብቻ የሆነበትን ቡድን ካየህ ልዩነቱን አንድ ክልል ዝቅ አድርግ።

ቀጥሎ መቺውን እይ። ደቡብ አፍሪካ በምድብ ጨዋታ በአየርላንድ 13 ለ 8 ሲሸነፍ ያመለጡት ምቶች 11 ነጥብ ያወጡ ነበር። ፖላርድ የተጠራው ከዚያ ጨዋታ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሆንም መጫወት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተተካው ደግሞ፣ አስቂኙ ነገር፣ በሁከሩ በማርክስ ቦታ ነው። የፍጻሜውን ሁለት ፊት፣ የሁከር እጦቱንና የፖላርድን ምቶች፣ ያየኸው እዚህ ውሳኔ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ የተቀያሪዎቹን ክፍፍል ቁጠር። ከስምንቱ አምስት ፎርዋርድ (የፊት ገፊዎች) እና ሦስት ባክ (የኋላ ሯጮች) ከሆነ የተለመደው ነው። 6 ለ 2 ወይም 7 ለ 1 ካየህ ቡድኑ የመጨረሻውን 30 ደቂቃ በስክረምና በማውል (ኳስ የያዘውን ከበው እየገፉ በሚሄዱበት) ለመጨፍለቅ መጥቷል ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሚሰፋው ከ55ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። አደጋው ሁለት ባኮች በመጀመሪያው አጋማሽ ከተጎዱ ነው፤ ያን ጊዜ ፍላንከር የሚባለው ፎርዋርድ ክንፍ ላይ ሲሮጥ ታያለህ።

ካርድን ማንም አይተነብይም፤ ዝም ብለህ እለፈው። አንድ ነገር ብቻ፦ ቢጫ ታይቶ ወደ ባንከር (ቪዲዮ አይቶ ካርዱን ወደሚወስነው ዳኛ) የሄደ ጉዳይ ውሳኔው እስከ 8 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ በጨዋታ መሀል የምትገምት ከሆነ ያን ጠብቅ። የኒውዚላንዱ ሳም ኬን በፍጻሜው ቢጫው ወደ ቀይ የተቀየረው እንዲያ ነው።

ስለ ዋንጫው፦ ደቡብ አፍሪካን መጻፍ የዋህነት አይደለም፤ አራት ጊዜ የወሰደ ብቸኛው ቡድን ነው። ግን መንገዱን ተመልከት። እነሱና ኒውዚላንድ ምድባቸውን በበላይነት ጨርሰው የመጀመሪያውን ዙር ካለፉ በሩብ ፍጻሜ ነው የሚገናኙት። ከሁለቱ አንዱ ግማሽ ፍጻሜን ሳያይ ይወጣል። እኔ ከሌላው ጎን ፈረንሳይን እጽፋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ደቡብ አፍሪካን ስለሚጽፍ ቢሳካልህም ከማንም አትለይም።

የድሮ ፕሮፕ

እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙ ሰው ጻፈው ብሎ መሸሽ ለሎተሪ ነው። ብዙኃኑን ለማለፍ የምትፈልገው በሦስተኞቹ ይበቃሃል፣ እዚያ ላይ ልዩነት አለ። ዋንጫውን ለጠንካራው ስጥ።

ሃያ ሦስተኛው ተቀያሪ

እሺ፣ ደቡብ አፍሪካ ብያለሁ። የመጨረሻ አንድ፦ እኩል ነጥብ ላይ ለደረሱ ሰዎች የፍጻሜው ትክክለኛ ውጤት ይጠየቃል። ምን ልጻፍ?

ቦነስ ነጥብ

መጀመሪያ የማይቻለውን አውጣ፦ 1፣ 2 እና 4 በራግቢ አይገኙም። ትራይ 5፣ ከትራይ በኋላ የሚመታው 2፣ ፔናልቲና ድሮፕ ጎል 3 ናቸውና ቁጥርህን ከነዚህ ገንባው። 11 ማለት አንድ ያልተሟላ ትራይና ሁለት ፔናልቲ ነው፤ ኒውዚላንድ በ2023 ያገኘችው በትክክል ይህንኑ ነው። ለፍጻሜ አሸናፊውን በአብዛኛው ፔናልቲ፣ ተሸናፊውን አንድ ትራይ ስጠው። 22 ለ 16 ጻፍ፦ አምስት ፔናልቲና አንድ የተሟላ ትራይ፣ ከሦስት ፔናልቲና አንድ የተሟላ ትራይ ጋር።